ስለ ነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ፤ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ

በአገራችን ልማድ አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ጎረቤት ይጠይቃታል፤ አምሮቷን የከለከላት ሰው እንደ ክፉ ይቈጠራል፤ የመውለጃዋም ቀን ሲቃረብ ለገንፎው የሚሆነው ገብስና ቅቤ አስቀድሞ ይሰናዳል። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እኛ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስታውስ የምንወደው ከገንፎው ቀን በፊት ስላሉት ዘጠኝ ወሮች ነው። በእነዚያ ወሮች ውስጥ የእናቲቱ ደም በጸጥታ ሲጎድል ዐይን አያየውም፤ እርስዋም ራስዋ ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች፤ የጉድለቱ ዕዳ የሚጠየቀው ግን በወሊዱ ሌሊት ነው።

በአንድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥተን ወደ እንጦጦ ተራራ የሚያወጣውን ዳገት ይዘን ስንሄድ፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ተራ በተራ ሲወርዱ አገኘናቸው። የዚህ ደን ታሪክ የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ፣ የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስላለቀ፣ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፤ ከተማይቱም በእርሱ ጸናች። ከዚያን ዘመን ጀምሮ ይህን ማገዶ ከተራራው ወደ ከተማው የሚያወርደው ብዙውን ጊዜ የሴት ጀርባ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የተራራው መልክ ቢለወጥ፣ ኤሌክትሪክም በየቤቱ ቢገባ፣ ይህ ሸክም ጨርሶ አልቀረም። አንዳንዲቱ የምትሸከመው የገዛ ሰውነቷን ክብደት እኩሌታ የሚያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ነው።

ከሴቶቹ አንዲቱ ሸክሟን በድንጋይ ካብ ላይ አስደግፋ ትተነፍስ ነበር፤ ነፍሰ ጡር መሆኗም ከነጠላዋ ሥር ያስታውቅ ነበር። በዚያው አጠገብ በመንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አዩዋትና፣

«ልጄ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አሏት።

«ስድስተኛው ሳይገባ አይቀርም፣ እማማ።»

«ታዲያ እንዲህ ሆነሽ ይህን ታህል እንጨት ትሸከሚያለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ እማማ? እኔ ካልወረድሁ ቤት ያሉት ሁለቱ ምን ይበላሉ?»

«ፊትሽ ገርጥቷል። ጤና ጣቢያ አልሄድሽም?»

«አንድ ቀን ሄጄ እንክብል ሰጥተውኝ ነበር። ማቅለሽለሽ ሲያበዛብኝ ጊዜ ተውሁት። ደግሞ ጎረቤቶቼ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይጸናብሻል አሉኝ።»

አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «የእኔም ታናሽ እኅት እንዳንቺ ገርጥታ ነበር፤ ዳገት ሲያደክማት ሰነፈች እንላት ነበር። በወለደች ሌሊት ደም ፈሰሳትና ሳይነጋ ሞተች። ሐኪሙ በኋላ ሲነግረን፣ የፈሰሳት ብዙ አልነበረም፤ ቀድሞውኑ የነበራት ጥቂት ነበር እንጂ» አሏት። ከዚያም ተነሥተው ከጭራሮው እኩሌታውን ለገዛ ምድጃቸው ገዟት፤ በማግሥቱም ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ቃል አስገብተው ቀሪውን አሸክመው ሰደዷት።

«ቀድሞውኑ የነበራት ጥቂት ነበር» የሚለው ቃል ከልባችን አልወጣ ስላለ፣ የነገሩን ምክንያት መርምረን እንደሚከተለው ለአንባቢዎቻችን አቅርበነዋል።

ደማችን ቀይ ሆኖ የሚታየው ሄሞግሎቢን የሚባል፣ ብረት ያለበት ነገር በውስጡ ስላለ ነው። የሄሞግሎቢን ሥራ ከሳንባ ኦክሲጅንን እየተቀበለ ወደ ልብ፣ ወደ አንጎልና ወደ ጡንቻ ማድረስ ነው፤ በእርግዝናም ጊዜ በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሱ የሚደርሰው ትንፋሽ በእርሱ የተጫነው ነው። ሄሞግሎቢን ከሚገባው መጠን ባነሰ ጊዜ የደም ማነስ ይባላል። ያን ጊዜ ልብ ጉድለቱን በፍጥነት ለመሙላት ትደክማለች፤ ሴቲቱም ጥቂት ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ራሷን ያዞራታል፤ ጆሮዋ ይጮኻል፤ የዐይኗ ሽፋን ሲገለበጥ ውስጡ፣ የምላሷና የመዳፏም መልክ ነጣ ብሎ ይታያል።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ ይኸውም በአምሮት ስም ሳይመረመር የሚታለፈው ነው። ብዙ ነፍሰ ጡሮች አፈር፣ የግድግዳ ምርጊት ወይም ከሰል መብላት ያምራቸዋል። ቤተ ሰቡ ይህን እየሳቀ ያልፈዋል። የሕክምና ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለው አምሮት ብዙ ጊዜ ከብረት ጉድለት ጋር አብሮ እንደሚገኝ ተመልክተዋል። ስለዚህ አፈር ያማራት ሴት የምትሳቅ ሳትሆን ደሟ መመርመር ያለበት ናት።

ደም በእርግዝና ጊዜ የሚያንስበት ምክንያት እንዲህ ነው። በነፍሰ ጡር ሰውነት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ከቀድሞው በእኩሌታ ገደማ ይጨምራል፤ ቀያዮቹ የደም ሕዋሳት ግን የሚጨምሩት ከአምስት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጤናማይቱም ሴት ብትሆን ደሟ በጥቂቱ ይቀጥናል፤ ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ለፅንሱ፣ ለእንግዴ ልጁና ለተጨመረው ደም በጠቅላላው 1,000 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋል። ይህ 1 ግራም መሆኑ ነው፤ በጣት ጫፍ ሊያዝ የሚችል ጥቂት ነገር ነው። ነገር ግን ከየዕለቱ ምግብ ወደ ደም የሚገባው ብረት በጣም ጥቂት ስለ ሆነ፣ እናቲቱ አስቀድሞ በሰውነቷ ጎተራ ካላከማቸችው በዘጠኝ ወር ውስጥ ሞልታ አታገኘውም። ልጆችን በላይ በላይ ለወለደች ሴት ደግሞ ጎተራው ሳይሞላ ዳግመኛ ይከፈታል።

የጉድለቱ ፍሬ በሁለት ነፍስ ላይ ይታያል። ልጁ ያለ ወሩ ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል፤ ከእናቱ የሚወርሰው የብረት ስንቅም ያንስበታል። እናቲቱ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ከሚያጋጥመው የደም መፍሰስ ጋር ስትጋጠም የምትቋቋምበት አቅም የላትም። በዓለም ላይ በወሊድ ምክንያት ለሚሞቱ እናቶች ከምክንያቶቹ ሁሉ ፊተኛው የደም መፍሰስ መሆኑ የታወቀ ነው። ጤናማ ሴት የምትችለው መፍሰስ ደም ያነሳትን ሴት ሊገድል ይችላል። አሮጊቷ ከሐኪሙ ሰምተው የነገሩን ይህንኑ ነው።

በአገራችን የሕዝብ ጤና ጥናት ሲደረግ በ2008 ዓ.ም. የተገኘው ቍጥር ይህ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 24፣ ከነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከመቶ 29 የደም ማነስ ነበረባቸው። በአዲስ አበባ ከሴቶች ከመቶ 16 ነበሩ። ዋና ከተማችን ከሌላው ስፍራ ብትሻል፣ ከስድስት ሴቶች አንዲቱ ደም ጎድሏት በመካከላችን ትመላለስ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ቍጥሩ አንድ ጊዜ ወርዶ የሚቀር አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ከሴቶች ሁሉ ከመቶ 27 የነበረው በ2003 ዓ.ም. ወደ 17 ወርዶ ሳለ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ 24 ወጥቷል። ቸል የተባለ ነገር ይመለሳል።

ይህ መከራ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በኤውሮፓ አቆጣጠር ለ2019 ባወጣው ግምት ከዓለም ነፍሰ ጡሮች ከሦስት አንዲቱ በላይ ደም ያነሳት ናት። ለእኛ ግን ልዩ ሆኖ የሚገኘው የምንኖርበት ከፍታ ነው።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦም ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የየካ ክፍለ ከተማ ቤቶች ከቀበናና ከየካ ሚካኤል ጀምሮ እስከ ኮተቤ ተዘርግተው ወደዚሁ ተራራ ጎን ይወጣሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሰው አካል ብዙውን ጊዜ ሄሞግሎቢንን ይጨምራል። እንግዲህ የነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢን በባሕር ዳርቻ በአንድ ዴሲሊትር ደም 11 ግራም ካልደረሰ ማነስ ይባላል፤ በመካከለኞቹ ሦስት ወሮች 10 ከግማሽ ይበቃል ተብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ግን ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር በሚገኝ ስፍራ በዚህ ልክ ላይ 1.4፣ ከ3,000 እስከ 3,499 ሜትር ደግሞ 2.1 እንዲጨመር ይላል። በዚህ መሠረት 11 ተኩል የተገኘባት የየካ ነፍሰ ጡር ከባሕር ዳርቻው ልክ አንጻር ጤናማ ስትባል፣ በከፍታው ልክ ግን በመጨረሻዎቹ ወሮች ደም ያነሳት ሆና ትቈጠራለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በሰሜን ተራራዎች 3,530 ሜትር በሚሆን ስፍራ የሚኖሩ የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት ብዙ እንደማይበልጥ፣ ሆኖም ደማቸው በኦክሲጅን የተመላ እንደ ሆነ ገልጿል። በዚህ ከፍተኛ አገር ብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ሕዝብ አካሉ ለስሱ አየር የራሱን ዘዴ አግኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ አይቶ ሰላም ነሽ ወይም ታመሻል ማለት አይበቃም። ሐኪሙ ሴቲቱን ራሷን፣ የሚሰማትን፣ ካለፈው ወር ወዲህ ደሟ የወረደ ወይም የወጣ መሆኑን ሊያይ ይገባዋል። ይህ የሚቻለው ደግሞ ሴቲቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ወሮች ሄዳ ፊተኛው ቍጥር ከተጻፈላት ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ወደ ክትትል የሄዱት ግን ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ዘመን 8 ጊዜ መታየትን፣ ፊተኛውንም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ማድረግን ይመክራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ጤፍ ብረት የበዛበት እህል መሆኑ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱም ብረት በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀልበት ነው። ነገር ግን በእህል ያለው ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ይህ ማሠሪያ ይላላል። ስለዚህ የእናቶቻችን የቡኮ ሥርዐት ብልኀት ያለበት ነው፤ ቸኩሎ ያልቦካ እንጀራ ግን ለነፍሰ ጡር የሚመከር አይደለም። በምስርና በሽምብራ ወጥ፣ በጎመንም ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃርያና ብርቱካን አብሮ መብላት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ቀይ ሥጋ በተገኘ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ነው።

ቡናችንና ሻያችን ግን በዚህ ነገር ባለዕዳዎች ናቸው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ በምግቡ ያለውን ብረት አስረው ያስቀሩታል። ቡናን የሚነቅፍ ጽሑፍ በዚህ አገር ሊወደድ እንደማይችል እናውቃለን፤ እኛም ቡናው ይቅር አንልም። ለነፍሰ ጡር የሚፈላው ቡና ከምግቧ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ እንዲፈላ፣ ስኒውም እንዲቀነስ ብቻ እንለምናለን።

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንናገራለን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሚጾማቸው ቀኖች በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። ነፍሰ ጡር ሆና ሳለች ሁሉንም ለመጾም የምትታገል ብዙ ሴት አለች፤ ይህንም የምታደርገው ከሃይማኖቷ ፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ይህን ነገር ለብቻዋ ልትቈርጥ አይገባትም። ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ የንስሐ አባቶችም የነፍሰ ጡርን ድካም ሰምተው እንዲመክሯት በትሕትና እንለምናለን። በረመዳን ወር የእስልምና እኅቶቻችንም እንዲሁ ከዐዋቂዎቻቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው፤ ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሷ ስትሰጋ አፍጥራ በኋላ እንድትጾም ሃይማኖታቸው ይፈቅዳልና።

የደም ማነስ ሁሉ ግን የብረት ጉድለት አይደለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ወደ ቦምቤይ ሄዳ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ድኻ ነፍሰ ጡሮች ለምን ደማቸው እንደሚያንስ መረመረች። ብረት ያላዳነውን ማነስ ማርማይት የተባለ የእርሾ ጭማቂ እንዳዳነው በ1931 ጻፈች። በእርሾውና በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ያ ነገር በኋላ ፎሊክ አሲድ ተባለ፤ ዛሬ ከብረቱ ጋር በአንድ እንክብል ተጨምሮ ይሰጣል። ይህ ፎሊክ አሲድ ከፅንሰቱ በፊትና በመጀመሪያው ወር የተገኘ እንደ ሆነ የፅንሱ አከርካሪ በደንብ እንዲዘጋም ይረዳል። የዚህች ሐኪም ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ የድኻ ሴት ድካም ተራ ነገር ነው ተብሎ ሳይታለፍ በጥንቃቄ በተመረመረ ጊዜ፣ ለዓለም እናቶች ሁሉ መድኃኒት ወጣለት።

በሌላም በኩል የሆድ ትል ደምን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች በኋላ የትል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ወባም ቀይ ሕዋሳትን ይፈጃል፤ በእንጦጦ ከፍታ ወባ ባይኖርም፣ ከቈላ አገር ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሥራ የሄደች ሴት ይዛው ልትመለስ ትችላለች። ስለ ሆነም ሐኪሙ ሲጠይቃት ከየት እንደ መጣች አትደብቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው እንክብል በአገራችን 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ያለበት ነው፤ በየቀኑ አንድ ይዋጣል። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተወስኗል። በየካም ከጤና ጣቢያዎቹ ሌላ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና የየካ ኮተቤ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደዚህች ከተማ በመጡ ጊዜ ከነበረው ጋር ሲመዛዘን፣ ዛሬ መድኃኒቱ ከደጃችን ቀርቦልናል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. ጥናት በእርግዝናቸው ጊዜ ይህን እንክብል ጥቂትም ቢሆን የዋጡት ከመቶ 42 ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዋጡት ግን ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ተመልከቷቸው። ከብዙዎች ዘንድ መድኃኒቱ ቤት ገብቷል፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ጠፍቷል።

የጠፋበት ምክንያት ከዚያች እንጨት ተሸካሚ አፍ የሰማነው ነው። እንክብሉ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ያመጣ ይሆናል፤ ዐይነ ምድርንም ያጠቍራል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ማታ ከራት ጋር ሲዋጥ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰም ነርሷን መጠየቅ እንጂ መተው አይገባም። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጥ፤ በሻይ፣ በቡናና በወተት ግን አይዋጥ። ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያጸናል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ልጅን በሚገባው ክብደት ማስወለድና ምጥን ያለ ልክ ማጽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሄሞግሎቢኗ መጠን ከ7 በታች የወረደ ሴት ግን በእንክብል ብቻ አትጠበቅም፤ ያለ መዘግየት ሆስፒታል ልትገባ ይገባታል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ብዙዎቹ የቤት አባወራዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱም ኀላፊነት ያላቸው ሹማምንት ናቸው። ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ገጹን እንዳይገለብጡት እንለምናቸዋለን። በብዙ ቤት ሥጋው አስቀድሞ ለአባወራው፣ ቀጥሎ ለእንግዳው፣ ቀጥሎ ለልጆች ይቀርባል፤ ያበሰለችው ሴት ከተረፈው ትቀምሳለች። ይህን ተራ ለዘጠኝ ወር መለወጥ የሚችል የቤቱ ጌታ ነው። እንክብሉን ማታ ማታ «ዋጥሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባል ደግሞ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

ሕግም ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ያስባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለሕክምና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳትሠራ ይከለክላል። ነገር ግን ከእንጦጦ ጭራሮ የምታወርደው ሴት አሠሪ የላትም፤ በየቤታችን የምትጋግርና የምታጥብ የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አልተጠለለችም። እንግዲህ ለእነዚህ ሁለቱ ሕግ ያልደረሰበትን ምሕረት የሚያደርስ የእኛው ኅሊና ነው። ሠራተኛችን ነፍሰ ጡር ብትሆን ለምርመራ የምትሄድበትን ቀን ከደመወዟ ሳንቈርጥ እንስጣት፤ ከባዱን ባልዲና ከረጢት ሌላ ሰው ያንሣላት፤ በማዕዳችንም ከምስሩና ከሥጋው ድርሻዋ አይጓደል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን የሚገባት ነው።

አንድ ጥቂት ነገር ደግሞ እንጨምር። ልጁ በተወለደ ጊዜ እትብቱ ወዲያው ሳይቈረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢቈይ፣ ከእንግዴ ልጁ የሚመለሰው ደም ለሕፃኑ ለብዙ ወር የሚሆን የብረት ስንቅ ይሆንለታል። ሁለተኛውን ልጅ ለመፅነስ ከወለዱ በኋላ 2 ዓመት ያህል መቈየትም የእናቲቱ ጎተራ ዳግመኛ እንዲሞላ ይረዳል።

በአገራችን ብዙ መልካም ነገር ተሠርቷል። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህ በጤና ሠራተኞችና በእናቶች ድካም የተገኘ ነው። ሆኖም 412 ማለት ከየቤቱ የወጡ 412 ሬሳዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ እኅት ነበራት፤ አንዳንዲቱም ሰነፈች ተብላ ነበር።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ትልቅ ሀብት አይደለም። ሚስታችን፣ እኅታችን፣ ሠራተኛችን መፅነሷን ባወቅን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ወደ ጤና ጣቢያ እንስደዳት፤ እንክብሏን እስከ መጨረሻው እንድትውጥ እንጠብቃት፤ ከማዕዱ ፊተኛውን እንቍረስላት፤ ሸክሟን እናቅልላት። በእንጦጦ ዳገት ላይ ያየናቸው አሮጊት ከቆሎ ሽያጫቸው አውጥተው የጭራሮውን እኩሌታ ገዝተው ነበር። ከእርሳቸው የሚበልጥ ያለን ሁሉ ከእርሳቸው ያነሰ እንዳናደርግ ምኞታችን ነው።